ከመገጭ ገባር የወጣው “ደም መጣጭ” ዓሣ

ነገሩ የተነሳው ከቴሌግራም ነው። ጎንደር ውስጥ በሰርግ ፎቶ የሚተዳደር አንድ ወጣት፣ ወደ ጣና ከሚፈሰው ከመገጭ ወንዝ ገባሮች በአንዱ ዳር ሙሽሮቹ እስኪደርሱ ሲጠብቅ በስልኩ አጭር ቪዲዮ ቀረጸ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ገና መጥራት ጀምሯል። ከጣት ትንሽ የሚረዝም ጠቆር ያለ ዓሣ ውሃ የሚወርድበት ቋጥኝ ላይ ተለጥፏል። ውሃው ይገፋዋል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣና መልሶ ይለጠፋል። አለቀ፤ ቪዲዮው ሌላ ነገር የለውም።

ልጁ ለጓደኞቹ ላከው፤ እነሱም ለሌሎች። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ላምፕሪ የሚባል፣ በአፉ ሌላ ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ እንስሳ አገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለጠፋቸው። የላምፕሪን አፍ አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ክብ ነው፣ ውስጡ ዙሪያውን ጥርስ ብቻ። ብዙም ሳይቆይ “ጎንደር ውስጥ ደም መጣጭ ዓሣ ተገኘ” የሚል ጽሑፍ ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር።

ይሄ ከተማ ውስጥ ወሬ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን ወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጡት ሰዎች ጆሮ ደረሰ። እዚህ አገር አልቅትን የማያውቅ እረኛ የለም። ከብት ውሃ ሲጠጣ አፉና አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ተጣብቆ ደሙን ይመጣል። ስለዚህ “የሚለጠፍ፣ ደም የሚመጥ ዓሣ” ሲባል ማንም አልሳቀም። አንዳንዱ ከብቱን ራቅ ወዳለ ውሃ መንዳት ጀመረ። ልጆች ደግሞ ድንጋይ እየገለበጡ ያገኙትን ዓሣ ሁሉ ይቀጠቅጡ ገቡ። ቪዲዮውን ለእኔ የላከችልኝ ባዮሎጂ የምታስተምር ወዳጄ ናት። “አንተ ስለ እንስሳ ትጽፍ የለ? ይሄን ነገር ቶሎ ካልደረስክበት ወንዙ ባዶውን ሊቀር ነው” አለችኝ።

ፎቶ አንሺውን ፈልጌ አገኘሁት። አስቦ ያደረገው ነገር ስላልነበረ ትንሽ ደንግጧል። ቢሆንም አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ገብቷል፤ ብርቅ እንስሳ ያነሳሁት እኔ ነኝ የሚል። አልፈረድኩበትም። ማን ቢሆን ደስ ይለዋል።

ቪዲዮው በስልክ ስክሪን ሲያዩት ብዙ ያሳያል ይመስላል። ኮምፒውተር ላይ አድርገን ቆም ቆም እያደረግን ስናየው ግን ሌላ ነው። ዓሣው የተቀረጸው ከላይ ነው። የሚታየው ጀርባው፣ ጭንቅላቱና ጭራው ብቻ። ክርክሩ ሁሉ ያለው ሆዱ ሥር ነው፤ እሱ ደግሞ ቋጥኙ ላይ ተለጥፏል። ይሁን እንጂ አንድ ቦታ ላይ፣ ዓሣው ለመውጣት ሲወዛወዝ፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፎች ሙሉ በሙሉ ተዘርግተው ይታያሉ። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግን አለ። ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ። ላምፕሪ ግራና ቀኝ ክንፍ የለውማ።

ለሌላው ሰው ግን አላለቀም። “ይሄ ጥላ ነው” አለ አንዱ። “ውሃው ነው እንደዚያ ያደረገው” አለ ሌላው። እውነታቸውን ነው። የደበዘዘ ምስል ላይ ሰው የሚያየው የፈለገውን ነው። እኔም ጭምር።

ላምፕሪ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ላምፕሪ ከኛ ዓሦች ጋር የሚያገናኘው ነገር ጥቂት ነው። መንጋጋ የሚባል ነገር የለውም። ቅርፊት የለውም። አጥንት የለውም፤ ያለው ለስላሳ የሚለመጥ አካል ነው። ከዓይኑ ኋላ በእያንዳንዱ ጎኑ ሰባት ሰባት የስንጥብ (የመተንፈሻ) ቀዳዳ በመስመር ተደርድሯል። አፍንጫው ደግሞ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሆኖ አናቱ ላይ ነው። ሰውነቱ እንደ እባብ ረጅም ነው። አፉ ሲከፈት ክብ መጣበቂያ ይሆናል፤ ጉሮሮው የመጣበቂያው መሀል ላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይሄ ነው። ከ40 ከሚበልጡት የላምፕሪ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደም አይመጡም። በተለይ ትንንሾቹ የጅረት ላምፕሪዎች፣ እነዚያ የአውሮፓ ተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች በፀደይ ወንዝ ዳር ተኝተው የሚጠብቋቸው፣ ካደጉ በኋላ ምንም አይበሉም። ዕድሜያቸውን አብዛኛውን የሚያሳልፉት እጭ ሆነው ነው። ዓይናቸው ሳይከፈት ደለል ውስጥ ተቀብረው፣ ከውሃው ጥቃቅን ነገር እያጠለሉ፣ ለዓመታት። ከዚያ ዓይን ያወጣሉ፣ አፋቸው ክብ ይሆናል፣ አንጀታቸው ይሟሽሻል። ጠጠር በአፋቸው እየነከሱ ያነሱና ጎጆ ይሠራሉ፤ እንቁላል ይጥላሉ፤ ይሞታሉ። ፎቶ ለማንሳት ያለው ጊዜ ያቺ አጭር ወቅት ናት። ብርቅ የሚያደርጋቸውም አንዱ ይሄ ነው፤ ወንዙ ውስጥ ሞልተው እንኳ የሚታዩት ለጥቂት ቀን ነው።

ስለዚህ ያ ቪዲዮ እውነትም የጅረት ላምፕሪ ቢሆን ኖሮ እንኳ ላሟ ምንም አትሆንም ነበር። ይሄን ወሬው በሚናፈስበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብጽፈው የሰማኝ የለም። ጥርስ ያለበት ፎቶ እዚያው ላይ ተለጥፎ እያለ ማን ያንብብ።

በቦታ መከራከር

መጀመሪያ ላይ የቀረበው መልስ “ላምፕሪ አፍሪካ ውስጥ የለም” የሚል ነበር። ወዳጄም ያቀረበችው ይሄንኑ ነው። በመሠረቱ ልክ ናት። ዛሬ በሕይወት ያሉት ላምፕሪዎች ቀዝቃዛ ውሃ የሚወዱ ናቸው። አብዛኞቹ በሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በደቡብ አውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ይኖራሉ። ከሰሃራ በታች አንድም የለም።

ግሩፑ ውስጥ ግን አንድ ብልጥ ልጅ ነበር። ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛ፣ ሜክሲኮ ከፊሏ በሐሩር ክልል ያለች አገር ናት፤ ሆኖም ደጋው ላይ፣ በሌርማ ወንዝና በቻፓላ ሐይቅ አካባቢ፣ የራሷ ላምፕሪ አላት። ጎንደርስ ደጋ አይደለችም? ሁለተኛ፣ በዓለም ላይ ከተገኙት የላምፕሪ ቅሪተ አካላት እጅግ ጥንታዊው የወጣው ከአፍሪካ ነው። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ፕሪስኮማይዞን የተገኘው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዕድሜው 360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መጣበቂያ አፉ ከነጥርሱ ድንጋይ ላይ ታትሞ ቀርቷል። “ታዲያ ድሮ ከነበረ፣ ደጋም ካለን፣ ለምን አይሆንም?” አለ።

ወድጄዋለሁ ይሄን ልጅ። ክርክሩ ያስኬዳል። በቦታ ብቻ የሚቆም ማስረጃ ደካማ መሆኑንም ያሳያል። “እዚህ የለም” ማለት “እስካሁን አላየነውም” ለሚል ሰው መልስ አይሆንም። በአካሉ መከራከር ግን ሌላ ነው። ስንጥቡ ሰባት ቀዳዳ ነው ወይስ በክዳን የተሸፈነ? ክንፍ አለው ወይስ የለውም? ጥያቄው የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ የዓሣውን ሆድ የሚያሳይ ጥርት ያለ ፎቶ ያስፈልጋል።

መስታወቱ

ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ያሰበው ዓሣውን በእጁ ይዞ ገልብጦ ማንሳት ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ውጤቱ አያምርም፤ ዓሣው ይጨነቃል፣ ክንፉ ይጣጠፋል፣ ቆዳው ላይ ያለው ልጋግ ይፋቃል። ፎቶው ላይ የሚታየውም የሰው ጣት ነው።

እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነው። የሚለጠፍ ዓሣ ከሆነ መስታወት ላይም ይለጠፋል። መስታወት ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሆዱን ራሱ ያሳየናል፤ ማንም ሳይነካው።

ከአራዳ ገበያ አካባቢ ካለ መስታወት ቤት ተራ የመስኮት መስታወት አስቆረጥን። ሁለት ሰፋፊ ለፊትና ለኋላ፣ ሦስት ቀጫጭን ለጎንና ለታች። በመሀላቸው አራት ጣት ያህል ክፍተት ተወን። ጠባብ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰፊ ከሆነ ዓሣው ወደ ኋላ እየሸሸ ከፎከስ ይወጣል። ያጣበቅነው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በሚሸጠው ሲሊኮን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይሄ ሲሊኮን እስኪደርቅ ድረስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ሽታው አሲድ ነው፣ ዓሣ ይጎዳል። ፎቶ አንሺው ያን ዕለት ማታውኑ ውሃ ሊሞላው ቸኩሎ ነበር፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አስቀመጥነው፣ ከዚያም ደጋግመን አጠብነው።

ካሜራው የሰርግ ካሜራው ነው። ሌንሱም 50 ሚሊ ሜትር፣ ሙሽራ የሚያነሳበት። እንደዚህ ያለ ሌንስ ትንሽ ነገር ላይ ተጠግቶ ፎከስ አያደርግም። በሌንሱና በካሜራው መሀል የሚገባ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ከአንድ የሙያ ባልደረባው ተዋሰ። ውስጡ መስታወት የለውም፤ ባዶ ቀለበት ነው። ሌንሱን ከካሜራው ራቅ ስለሚያደርገው ብቻ ቀርበህ ማንሳት ትችላለህ። ማክሮ ሌንስ የመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ትልቁ ራስ ምታት የመስታወቱ ነጸብራቅ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ሰማዩ፣ ዛፉና የፎቶ አንሺው ነጭ ቲሸርት ነው። ዓሣው ከኋላ እንደ ጥላ ደብዝዟል። ፖላራይዘር ፊልተር ነበረው፤ ከጎን ሰያፍ ሆኖ ለሚመጣ ነጸብራቅ ይረዳል፣ ፊት ለፊት ለሚመጣው ግን ምንም አይፈይድም። ያዳነን ጥቁር ጨርቅ ነው። መሀሉን ለሌንሱ ልክ ቀደን በሌንሱ ዙሪያ አሰርነው። ካሜራውም፣ እጁም፣ ነጩ ቲሸርትም ከጨርቁ ጀርባ ተደበቁ። ነጸብራቁ ወዲያው ጠፋ። ፍላሹን ከካሜራው ላይ አውጥቶ ከላይ በሰያፍ እንዲያበራ ወዳጄ ያዘችለት። አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) 11 ላይ አደረገው፣ ሹተሩን 1/200 ሰከንድ። ፍላሽ ስላለ ብርሃኑ በቂ ነው፤ አፐርቸሩ መጥበቡ ደግሞ ከአፉ እስከ ክንፉ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። መስታወቱ ውስጥ በጎን በኩል አጭር ማስመሪያ አቆምን። መጠን የማይታወቅበት የዓሣ ፎቶ ለጌጥ ነው እንጂ ለጥናት አይሆንም።

ዓሣውን የያዙት እነዚያው ድንጋይ የሚገለብጡ ልጆች ናቸው። የአጎበር ቁራጭ ሁለት እንጨት ላይ አስረን ሰጠናቸው። አንዱ ከድንጋዩ በታች አጎበሩን ይዘረጋል፣ ሌላው ድንጋዩን ቀስ ብሎ ያነሳል፣ ውሃው ዓሣውን ራሱ ይዞት ይገባል። ድንጋዮቹ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አየን። አረንጓዴው ልጋግ መሀል ነጣ ነጣ ያሉ፣ የጣት ጥፍር የሚያክል ስፋት ያላቸው የተፋቁ መስመሮች አሉ። አንድ ነገር አልጌውን እየላጨ ሄዷል። ደም የሚመጥ እንስሳ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም።

ዓሣው ከወንዙ በተቀዳ ውሃ የተሞላው መስታወት ውስጥ ሲገባ ለአፍታ ታች ሄዶ ቆመ። ከዚያ ፈንጠር ብሎ ተነሳና ከፊት ለፊቱ መስታወት ላይ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። በቀጥታ ከሌንሱ ፊት። ፎቶ አንሺው “እረ በማርያም!” ብሎ ጮኸና ማንሳቱን ረሳው። ደግነቱ ዓሣው አልቸኮለም።

የሆዱ ፎቶ

አሁን ያ ፎቶ ከፊቴ ተከፍቶ ነው የምጽፈው።

አፉ ከጭንቅላቱ ሥር ነው፤ ወደ ጎን የተሰነጠቀ ጠባብ ቀዳዳ። የላይኛው ከንፈሩ ጠርዝ እንደ ጋቢ ጫፍ በጥቃቅኑ ተዘርዝሯል። ከአፉ ኋላ፣ አገጩ ላይ፣ መጣበቂያው አለ። ክብ ሊባል ይችላል፣ ትንሽ ወደ ጎን ሰፋ ያለ። መሀሉ ለስላሳና ገርጣ ያለ ትራስ ነው። ዙሪያውን ደግሞ በጥቃቅን እባጮች የተሞላ ጠርዝ ከብቦታል፤ መስታወቱ ላይ የተጫነው ይሄ ጠርዝ ነው። ጥርስ የሚባል ነገር የለም።

ጉዳዩን የዘጋው የአፉና የመጣበቂያው አቀማመጥ ነው። ላምፕሪ የሚጣበቀው በአፉ ነው፤ አፉ የመጣበቂያው መሀል ነው፣ ስለዚህ ተጣብቆ ይመጣል። ይሄኛው የሚጣበቀው በአገጩ ነው። አፉ ከመጣበቂያው ውጭ፣ ፊት ለፊቱ ነው። ደም ልምጠጥ ቢል እንኳ በምኑ? መጣበቂያው ምንም ቀዳዳ የለውም። ሥራው መያዝ ብቻ ነው፤ አፉ ደግሞ ድንጋይ ይፍቃል።

የቀረው ተጨማሪ ነው። ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም በአፉ ግራና ቀኝ አለ። ስንጥቡ በአንድ ክዳን ተሸፍኗል፤ ሰባት ቀዳዳ የለም። ከክዳኑ የላይኛው ጥግ ኋላ ጥቁር ነጠብጣብ አለች። የደረቱ ክንፎች እንደ ሌላ ዓሣ ወደ ጎን የቆሙ ሳይሆኑ ተነጥፈው ተዘርግተዋል፤ ውሃ ሲገፋው ወደ ታች እንዲጫኑት። ጎኑ በቅርፊት የተሸፈነ ነው።

ይሄ በሳይንስ ስሙ ጋራ የሚባል ዓሣ ነው። ጋራ የካርፕ ቤተሰብ ነው። ከጣናው ቢልጫ ጋር ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ወገኑ ከምሥራቅ እስያ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ይገኛል፣ ከ150 የሚበልጡ ዝርያዎችም አሉት። አንደኛውን አዲስ አበባ ውስጥም ሰው ያውቀዋል፤ እግር ገንዳ ውስጥ ከትተው የሞተ ቆዳ የሚያስበሉት ያ ትንሽ የቱርክ ዓሣ ጋራ ሩፋ ይባላል።

ክረምት ላይ መገጭ ሲሞላ ያየ ሰው ይሄ መጣበቂያ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። ያ ጎርፍ ድንጋይ ያንከባልላል።

የትኛው ጋራ?

ፎቶ አንሺው ትንሽ ከፋው። ብርቅ ነገር ጠብቆ ነበር፤ “ታዲያ ተራ ዓሣ ነው በለኛ” አለኝ። እኔ ግን ወሬው ገና እዚህ ላይ የሚጣፍጥ መሰለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ተወላጅ ተጓዥ ወደዚህ አገር መጥቶ ጎንደር ተቀምጦ ነበር። ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከደምቢያ በኩል ያገኛቸውን ዓሦች ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1835 ከሰየማቸው አንዱ ዛሬ ጋራ ደምቢኤንሲስ የሚባለው ነው። በደምቢያ ስም ማለት ነው። ሩፔል የሰበሰባቸው እንስሳት ዛሬም ፍራንክፈርት በሚገኘው የዜንክንበርግ ሙዚየም አሉ። ደምቢያ ውስጥ ቆላ ድባ ያለ ልጅ እግሩ ሥር የሚያገኘው ዓሣ ስሙን ከመንደሩ ተውሶ ጀርመን ተቀምጧል። ይሄን ስነግረው ፎቶ አንሺው ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትንንሾቹን ጋራዎች በደንብ ያያቸው ሰው ጥቂት ነው። አይሸጡማ። ዓሣ አስጋሪው ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ነው የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና የኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪ ሜላኒ ስቲያስኒ ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ ይፋ አደረጉ። ከነሱ ውስጥ ሁለቱ የጣና ናቸው፤ ጋራ ታና እና ጋራ ሬግሬሰስ።

እኔን የሚገርመኝ ሬግሬሰስ ነው። መጣበቂያው ተመናምኗል። የወንዙ ጋራ ያለሱ አንድ ክረምት የማያልፍበትን ነገር የሐይቁ ጋራ ትቶታል። ጣና ከዳር እስከ ዳር ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም፣ እንደ ወንዝ የሚገፋ ውሃም የለበትም። የሚይዘው ድንጋይና የሚገፋው ጎርፍ ከሌለ መጣበቂያ ለምን ይሆናል። በዚያ ላይ ጣና ዝግ ቤት ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጢስ ዓባይ ላይ ወደ 40 ሜትር ገደማ ይወድቃል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ይሄን መውጣት አይችልም። ለዚህ ነው ጣና ሌላ የትም የሌሉ የቢልጫ ዝርያዎችን ያበቀለው፤ ጋራዎቹም ከዚሁ ታሪክ ድርሻ አላቸው።

ታዲያ የኛው የትኛው ነው? መጣበቂያው ሙሉ ስለሆነ ሬግሬሰስ አይደለም። ይሄን ፎቶው ብቻውን ይናገራል። ፎቶዎቹን ከነማስመሪያው፣ ከነቀኑና ከነቦታው ለአንድ የዓሣ ባለሙያ ላክናቸው። መልሱ አጭር ነበር፤ የሚታየው ሁሉ ከደምቢኤንሲስ ጋር ይሄዳል፣ በእርግጠኝነት ለመለየት ግን የደረትና የሆድ ቅርፊት መቁጠር፣ የክንፍ ጨረር (ክንፉን የሚወጥሩትን ዘንጎች) መቁጠር፣ መለካት ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ናሙና ይዞ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሙዚየም ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ባለሙያው አንድ ነገር አከለ፦ “ፎቶ ሲላክልኝ ሁልጊዜ ጀርባውን ነው። ሆዱን የላከልኝ ሰው አላስታውስም።”

እኔ ከዚህ ጉዳይ ለፎቶ አንሺ ሁሉ የምለው ይሄን ብቻ ነው። ውብ ፎቶ ሌላ፣ የሚመሰክር ፎቶ ሌላ። የመጀመሪያው ቪዲዮ ውብ ነው፣ እውነቴን ነው፤ ብርሃኑ፣ ውሃው፣ ያቺ ጥቁር ዓሣ ስትወጣ። ግን ስለ ዓሣው ምንም አልመሰከረም። ባዶ ቦታውን ሰው በጥርስ ሞላው።

ወንዙ ዳር

ፎቶ ያነሳን ዕለት ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ቆመው ያዩን ነበር። ጨርቁን፣ መስታወቱን፣ ፍላሹን ሁሉ እያዩ ምንም አላሉም። ዓሣዎቹን በእርጥብ እጅ ይዘን መልሰን ስንለቃቸው ግን ጠጋ አሉ።

“እንዴት ዋላችሁ? ምን ፈልጋችሁ ነው ወንድምዓለም?”

ነገርኳቸው። ደም ይመጣል ስለተባለው ዓሣ ነው አልኳቸው። ፎቶ አንሺው ካሜራው ላይ ሆዱን አሳያቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት።

“እኔ እዚህ ውሃ ውስጥ ስንቦጫረቅ ነው ያደግሁት። ይቺ ደግሞ ድሮም ነበረች። እግርህን ድንጋይ ላይ ስታሳርፍ ሸርተት ብላ ትሄዳለች እንጂ ሰው ነክታ አታውቅም። ከተማ ሄዳ ነው እንዴ ደም መጠጣት የለመደችው?”

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ወዲያው ኮስተር አሉ። የሚያሳስባቸው ሌላ ነበር። ብርብራ እየወቀጡ ወንዝ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ አሉን። የብርብራ ፍሬ ዓሣ እንደሚያደነዝዝ ጥንት የታወቀ ነው። ሆኖም መርጦ አያደነዝዝም፤ ትልቁም ትንሹም፣ ለመራባት ከጣና የወጣው ቢልጫም፣ ይቺ ጋራም አብራ ትንሳፈፋለች። “ያንን ፎቶ አንሱ” አሉት ልጁን።

ያሉት ነገር ከባድ ነው። ቢልጫዎቹ ክረምት ማብቂያ ላይ ወደ መገጭና ወደ ድርማ የመሳሰሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በዚያን ሰሞን አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ብርብራ መጨመር የዓመቱን ዘር መጨረስ ነው። ደም መጣጭ ዓሣ ፍለጋ የወጣው ሰው ሁሉ ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈም።

ፎቶ አንሺው ማታውኑ የሆዱን ፎቶ ከላምፕሪው አፍ ጎን አድርጎ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ የጻፈው አጭር ነው፤ ይሄኛው አገጩ ነው፣ ያኛው አፉ ነው፣ የኛው ሣር በል ነው አለ። “ሣር በል” የሚለውን ወዳጄ አልወደደችውም፤ አልጌ ነው የሚበላው ብላ ልታርመው ስትል ተውኳት። እረኛ የሚገባው እንደዚያ ነው። ያ የሜክሲኮን ነገር ያመጣው ልጅ ፎቶውን ካየ በኋላ “ተረታሁ” ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሬግሬሰስን እንዴት አድርገን እንደምናነሳ ጠየቀ። እርማቱ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ያህል አልተሰራጨም። ሁሌም እንደዚያ ነው። ግን ወንዙ ዳር ደርሷል፤ ከብቶቹም ወደ ለመዱት ውሃ ተመልሰዋል፣ ልጆቹም አሁን የሚሽቀዳደሙት አጎበሩን ለመያዝ ነው።

መስታወቱ አሁን ወዳጄ ክፍል ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቿ ወንዝ ሲወጡ ይዘውት ይሄዳሉ። ፎቶ አንሺው ጎርጎራ ያሉ ዓሣ አስጋሪዎችን አነጋግሮ መረብ ሲያወጡ የሚጥሏቸውን ትንንሽ ዓሦች እንዲያስቀምጡለት ተስማምቷል። የሐይቁን ጋራ ፈልጎ ነው። ከጥር ሰርግ በኋላ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን የመስታወቱ አንድ ጥግ ላይ ሲሊኮኑ ለቆ ውሃ ማንጠባጠብ ስለጀመረ፣ ይገፈፍና እንደገና ይለጠፋል።